ጨዉ የት ይሄዳል? ስለ ጨዋማ ውሃ እርሻ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ዱባይ የሚሠራ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንብበህ ንገረኝ፤ ከወንድሞቼ ጋር አዋሽ ዳር መሬት ልንይዝ ነው» ብሎበታል። ጽሑፉ ረጅም ነው። ሲጨመቅ ግን የሚለው ይህን ነው። ንጹህ ውሃ እያለቀ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ግን ማለቂያ የለውም። ጨው የሚችሉ ተክሎች ጨዉን ከመሬት መጥጠው ያወጡታል። እስራኤልና ኤምሬትስ በረሃቸውን በዚህ መንገድ አለሙ፤ ምጽዋም ላይ ተሞክሮ ነበር። ሳይንቲስቶች ጨው የሚችል ስንዴ ስላገኙ ከእንግዲህ ትርፉን ውሃ ከማሳው ለሚያወጣው ማጠንፈፊያ ቦይ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። እኛ ግን 11 ሚሊዮን ሄክታር ጨዋማ መሬት ታቅፈን ተቀምጠናል። ቀይ ባሕርን ወደ ዳናክል መቅደድ እንኳ ይቻላል ይላሉ። ጽሑፉን የሚዘጉት «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» በሚለው ተረት ነው።

ተረቱን ወድጄዋለሁ። ሐሳቡም ክፉ አይደለም። እኔ ግን መካከለኛው አዋሽ ላይ በአንድ የመስኖ እርሻ የአፈር ናሙና ስለቅም ዓመታት አሳልፌአለሁ። ጽሑፉን ሳነብ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ቆየ። ጸሐፊው ጨው ስለሚችለው ተክል ብዙ ብለዋል። ጨዉ ራሱ በመጨረሻ የት እንደሚሄድ ግን አንድም ቦታ አልጻፉም።

«ጨዋማ ውሃ» ከሚለው ቃል እንጀምር። ጸሐፊው የባሕሩንም የጉድጓዱንም በአንድ ስም ይጠሩታል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ቀይ ባሕር ወደ 40 ግራም ይጠጋል። የእስራኤል ገበሬዎች ኔጌቭና አራቫ በሚባሉት በረሃዎች ላይ ቲማቲም የሚያጠጡበት የጉድጓድ ውሃ ግን በሊትር 2 ወይም 3 ግራም ቢይዝ ነው። ይህን እኔ ጨው ቀመስ ውሃ እለዋለሁ። የባሕሩ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በአንዱ የተገኘውን ስኬት ለሌላው ማስረጃ ማድረግ፣ ጠላ ጠጥቶ ያልሰከረን ሰው አይተው ያንኑ ያህል አረቄ እንደ መቅዳት ነው።

ሰብሎቹም የአቅም ልክ አላቸው። የአፈር ጨውነት የሚለካው ዴሲሲመንስ በሚባል መለኪያ ነው። 4 ካለፈ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። ቦሎቄ 1፣ ባቄላ 1.5 አካባቢ ሲደርስ ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ሽንኩርት 1.2፣ በቆሎ 1.7፣ ስንዴ 6፣ ጥጥ 7.7፣ ገብስ 8 ድረስ ይችላሉ። የባሕር ውሃ ራሱ 50 አካባቢ ነው። በገብስና በባሕር መካከል ያለውን ርቀት ልብ በሉ። ከታወቁት የምግብ ሰብሎች ከጠንካሮቹ አንዱ የሚባለው ገብስ እንኳ ገና በሩቁ ይቆማል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ እንምጣ። ጸሐፊው «ተክሎቹ ጨዉን ከመሬት መጥጠው ያጸዱታል» ይላሉ። ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ በኩንታል እናስላ።

አንድ ሄክታር መሬት በዓመት አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይጠጣል እንበል። በቆላ ይህ ብዙ አይደለም። 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ውሃው በሊትር 3 ግራም ጨው ካለው፣ በዓመት 300 ኩንታል ጨው በዚያ ሄክታር ላይ አፈሰስን። የባሕር ውሃ ከሆነ 3,500 ኩንታል ነው። ጣፋጭ የምንለው የወንዝ ውሃ እንኳ፣ በሊትር 0.3 ግራም ብቻ ይዞ፣ 30 ኩንታል ያመጣል። ውሃውን ፀሐይና ተክሉ ይወስዱታል። ጨዉ ይቀራል።

ተክሉስ ስንቱን ያወጣል? ከተጠኑት ጨው ወዳድ ተክሎች ዝነኛዋ ሳሊኮርኒያ ናት። ቅጠል የላትም፣ ግንዷ ውሃ የቋጠረ ነው፣ በባሕር ውሃ ታድጋለች። ዘሯ ጥሩ ዘይት ይወጣዋል። በደንብ ከተያዘች በሄክታር እስከ 200 ኩንታል ደረቅ ምርት ትሰጣለች። ከዚያ ውስጥ ሲሶው ጨውና አመድ ነው ብንል 60 ወይም 70 ኩንታል ይሆናል። ይኸውም አጭደን፣ ጭነን፣ ከማሳው አርቀን ከወሰድነው ነው። 3,500 አስገብተን 70 አወጣን። በዚህ ሒሳብ ሱቅ የከፈተ ሰው መቼ እንደሚዘጋ እናንተው ገምቱ።

ደግሞ ሁሉም ጨው የሚችል ተክል ጨው አይበላም። ብዙዎቹ ጨዉን ሥራቸው በር ላይ ይመልሱታል። ገብስና ስንዴም በአቅማቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ባሕር ዳር የሚበቅለው ዛፍ፣ ማንግሮቭ፣ አንዳንዱ ዓይነት ያስገባና በቅጠሉ ያልበዋል፤ ቅጠሉን ብትልሱት ጨው ጨው ይላል። ሳሊኮርኒያን የመሰሉት ደግሞ ውስጣቸው ያጠራቅሙታል። «ጨው ይችላል» ማለት «ጨው ያጸዳል» ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ጨው የሚችል ሳር የተዘራበት ማሳ ከዓመት ዓመት ሲሻሻል በዓይኔ አይቻለሁ። ሥራውን የሠራው ግን ሌላ ነው። ሥሩ የደረቀውን አፈር ይሰነጥቀዋል። ጥላው ትነትን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ውሃ ጨዉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ታች ወርዶ ደግሞ መውጫ ማግኘት አለበት።

ስለዚህ «ማጠንፈፊያ ቦይ አያስፈልግም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጣም አሳስቦኛል። ጓደኛዬን ሊያከስረው የሚችለው ይኸው ነው።

መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። መሬቱ ለምለም ደለል ነበር። መስኖ ገባ፣ ጥጥ ተዘራ፣ መልካ ሰዲ ላይ ሙዝ ተተከለ። ውሃ እንደ ልብ ተለቀቀ። ተክሉ ያልጠጣው ወደ ታች ሰረገ። ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ውሃው ከገጸ ምድር ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው፣ አፈሩ እንደ ኩራዝ ክር ይሆናል። ከታች ይስባል፣ ከላይ ፀሐይዋ ታተነዋለች፣ ጨዉ አናት ላይ ይቀራል። ሙዝ ይህን አይችልምና ቦታውን ለጥጥ ለቀቀ። ቀጥሎ ጥጡም የማይበቅልበት ማሳ በየቦታው ታየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በከፊሉ ላይ ከመሬት በታች የማጠንፈፊያ ቱቦ ተቀበረ። የተቀበረው ትርፍ ገንዘብ ስለነበረ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሆነው በአዋሽ ውሃ ነው። በጨዋማ ውሃ አልነበረም።

ማሳው ምን እንደሚመስል በቅርብ ላሳያችሁ። ጠዋት ነው፤ ትናንት ውሃ በትልሞቹ መካከል ተለቋል። የትልሙ ግርጌ ርጥብ ነው። ጀርባው አናት ላይ ግን ነጭ መስመር አለ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ውሃው ከሁለቱም ወገን ወደ ጀርባው ሲሳብ ጨዉን እየገፋ አናቱ ላይ አገናኝቶታል። ዘሩን እዚያ አናት ላይ የዘራ ሰው ቢጠብቅ ቢጠብቅ አይበቅልለትም። የሚያውቁት ገበሬዎች ከአናቱ ዝቅ አድርገው ጎኑ ላይ ይዘራሉ። ይቺ አንዲት ስንዝር ምርቱን ታድነዋለች። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ባለሙያ ነጩን አይቶ «ዩሪያ ማን ደፋ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ቅመሰው አልነው። ቀመሰው።

ከዚህ የከፋም አለ። ጨዉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሶዲየም የበዛበት አፈር አናቱ ነጭ ላይሆን ይችላል። ውሃ ሲነካው አፈሩ ይሟሟና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ዝናብ የጣለ ቀን ማሳው እንደ ድስት ውሃ ይዞ ይውላል፤ ሲደርቅ ደግሞ መዶሻ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን መሬት ዝም ብሎ በንጹህ ውሃ ማጠብ ያባብሰዋል። መጀመሪያ ጂፕሰም የሚባለውን ማዕድን መስጠት ያስፈልጋል። የጂፕሰሙ ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ላይ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ ውሃው አጥቦት ይወርዳል። አገራችን ውስጥ ጂፕሰም ሞልቷል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ጸሐፊው ይህን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱትም።

አዋሽ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከግንጪ አካባቢ ይነሳል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ባሕር ግን አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ያለው እርሻ አጥቦ የለቀቀውን ጨው ከታች ያለው ይጠጣዋል። ዱብቲና አሳይታ ያለው ሰው የሁላችንን ዕጣቢ ነው የሚቀበለው። ይህ ሳያንስ የበሰቃ ሐይቅ አለ። መተሐራ ጋ በመኪና ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ሶዲየም የበዛበት ነው። መንገድና ሐዲድ እንዳይውጥ እየተባለ በቦይ ወደ አዋሽ ተለቋል፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀላቀለ። አንድ ሰው ከዚያ በታች «ጨዋማ ውሃ እንጠቀም» ሲለኝ፣ ሳንጠራው የመጣ እንግዳ እያለን ሌላ እንዲጨመር የምንጋብዝ ይመስለኛል።

እስራኤልንና ኤምሬትስን በተመለከተ ጸሐፊው የተሳሳቱት በውጤቱ አይደለም። ውጤቱ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ዘለውታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ሁጎና ኤሊሳቤት ቦይኮ የተባሉ ባልና ሚስት ኤይላት ላይ በጨዋማ ውሃ የአትክልት ቦታ አቋቁመው ነበር። የሠሩት በአሸዋና በጠጠር ላይ ነው። አሸዋ ውሃ አይዝም፤ ጨዉን ይዞ ወዲያው ይወርዳል። የእነሱ ግኝት ዋና ፍሬ ይህ ነበር። ያንኑ ውሃ መረሬ በሚባለው ውሃ ቋጣሪ ጥቁር አፈር ላይ አፍስሱትና በሁለተኛው ዓመት ኑና እዩት።

አራቫ ላይ ደግሞ ጠብታ መስኖ አለ። ውሃው ከተክሉ ሥር ጠብ ጠብ ሲል ጨዉ ከርጥቡ ክብ ዳር ላይ ይሰበሰባል። ሥሩ መሃል ላይ በሰላም ይኖራል። እና አንድ የሚገርም ነገር አላቸው። ያቺ በዓመት አንዴ የምትመጣ ትንሽ ዝናብ ስትጥል ገበሬው መስኖውን ይከፍታል። እየዘነበ! ካልከፈተ ዝናቡ ዳር የተጠራቀመውን ጨው መልሶ ወደ ሥሩ ይገፋዋል። እንዲህ በሰዓት የሚከታተል ሰው ነው በጨው ቀመስ ውሃ ቲማቲም የሚያመርተው። ቲማቲሙ በመጠን ያንሳል፣ በጣዕም ግን ይጣፍጣል፤ ጨዉ ስኳሩን ያጎላዋል። ገዢውም ለዚያ ጣዕም ጨምሮ ይከፍላል። እኛ አትክልት ተራ ላይ በጣዕም ጨምሮ የሚከፍል ነጋዴ እስካሁን አላየሁም። ሳጥን ነው የሚቆጥሩት።

ኤምሬትስ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጓደኛዬ ራሱ እዚያው ስላለ። ዱባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ፣ በጨዋማ ውሃ እርሻ ላይ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ማዕከል አለ። ጥሩ ሥራ ይሠራል። እዚያው አገር ግን ቴምር ሲያጠጡ የኖሩ እርሻዎች ጉድጓዳቸው ጨው እየበዛበት ሄዶ የተዘጉ አሉ። ቴምር ጨው ባለመቻል የሚታማ ተክል አይደለም። ከከርሰ ምድር የተሳበው ውሃ ጨዉን ከላይ ትቶ፣ ታጥቦ ተመልሶ ወደዚያው ጉድጓድ ሲሰርግ፣ ገበሬው የገዛ ጨዉን ደግሞ ደጋግሞ ይቀዳል።

ምጽዋስ? ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋቸዋል። አንዱ አሜሪካዊው ካርል ሆጅስ የመሩት ትልቅ የባሕር ውሃ እርሻ ነው። ሽሪምፕ፣ ሳሊኮርኒያ፣ ማንግሮቭ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ነበር። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ግን ሥራው ቆመ። ሌላው የጎርደን ሳቶ ሥራ ነው። እኚህ ጃፓን አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ማንግሮቭ ያስተክሉ ነበር። ፕሮጀክቱን ማንዛናር ያሉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታስረውበት በነበረው ካምፕ ስም ነው። ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነበር። ማንግሮቭ በዚያ ዳርቻ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ በሚገባበት ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ሰው «ጣፋጭ ውሃ ስለሚፈልግ ነው» ሲል፣ እሳቸው ጎርፉ የሚያመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አሉ። እነዚህን በቀስታ የሚለቅ ማዳበሪያ ከችግኙ ጋር ቀበሩ፤ ያዘላቸው። ቅጠሉ ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ይህን ሥራ ሳስበው ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን አስተውሉ፤ እዚያ ጨዉ የት እንደሚሄድ መጨነቅ አላስፈለጋቸውም። ማዕበሉ በየቀኑ መጥቶ ያጥበዋል። አሚባራ ማዕበል የለውም።

ቀይ ባሕርን ወደ ዳናክል ስለ መቅደድ የተባለውን ሳነብ ሻዬን ማስቀመጥ ነበረብኝ። ጸሐፊው እንደ አዲስ ሐሳብ አቅርበውታል። ይህ ሙከራ ግን ተደርጓል። ያደረገው ባሕሩ ራሱ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ወደዚያ ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ውሃው ተነነ። ውጤቱን አፋሮች ዛሬም በመጥረቢያ እየጠረቡ በግመል ይጭኑታል። አሞሌ ማለት እኮ መውጫ ያጣ ባሕር ነው።

ስለ ስንዴው አጠር አድርጌ ልለፍ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከአንድ ጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ያገኙትን ጂን በማዳቀል ወደ ማካሮኒ ስንዴ አስገብተው፣ በጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ጨምሯል። ጂኑ ሶዲየሙ ቅጠል እንዳይደርስ ያግደዋል። ግሩም ነው። ከ8 ኩንታል 10 ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ተክሉ ያልወሰደው ሶዲየም አፈሩ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ስንዴ እዚያው ያገኘዋል። የተሻለ ዘር ጊዜ ይገዛልናል፣ በተገዛው ጊዜ ግን ቦዩን መቆፈር አለብን።

11 ሚሊዮን ሄክታር የሚለው ቁጥር በየጥናቱ የሚጠቀስ ስለሆነ አልከራከርበትም። ነገር ግን ቁጥሩ ውስጥ ከጥንትም ጨዋማ የሆነ፣ ከብትና ግመል የሚሰማራበት ሰፊ ቆላ አለ። «ታቅፈን ተቀምጠናል» የሚለው አባባል ያንን መሬት ባዶ ያደርገዋል። ባዶ አይደለም፤ አርብቶ አደሩ አለበት። ግመሉም ጨዋማ ቁጥቋጦ እየቀነጠበ የሚውለው ወዶ ነው።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማውም እዚሁ ላይ ነው። በጨው የተጎዳ መሬት ላይ መጀመሪያ መምጣት ያለበት መኖ ይመስለኛል። ሮደስ ሳር ጨው ይችላል፤ ወተት ይሆናል፤ ለገበያም ይታሰራል። ሆኖም ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጨዋማ ቁጥቋጦ ብቻ የበላ ከብት ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ያውም ጣፋጩን። ማሳው ላይ የቆጠብነውን ገንዳው ላይ እንዳንከፍለው። ሁለተኛው ደግሞ ፕሮሶፒስ ነው። እሱም ከውጭ ሲመጣ ድርቅም ጨውም የሚችል፣ በረሃ የሚያለማ ዛፍ ተብሎ ነበር። ዛሬ አፋር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል፤ እሾሁ የከብቱን እግር ይወጋል፣ ግጦሹን ዘግቶታል። አዲስ «ተአምረኛ ተክል» ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ላኩለት። ረዘመበት መሰለኝ፣ «በአጭሩ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሁለት ነገር ነገርኩት። ወንድሞችህ ሊከራዩት ያሰቡት መሬት ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ አድረው ውሃ ወጥቶበት እንደሆነ ይዩ። ከዚያ ከማሳው አንድ የደረቀ ጓል ይውሰዱ። የዝናብ ውሃ በብርጭቆ ያስቀምጡና ጓሉን ቀስ ብለው ይክተቱት። ሳይነኩት ይደር።

ትናንት ማታ ፎቶ ላከልኝ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው፤ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ብርጭቆው ውስጥ ግን ጓሉ የለም። ውሃው ከላይ እስከ ታች ወተት የተጨመረበት ሻይ መስሏል። ከሥሩ አንዲት መስመር ጽፏል፦ «ጂፕሰም ኩንታሉ ስንት ነው?»